ሃይበርኔት ስፓሻልና ፖስትጂአይኤስ፦ የትኛውን ሥራ ለማን እንስጥ?

ጥያቄ፦ «በጃቫው ስፕሪንግ ቡት ማዕቀፍ የድረ ገጽ መተግበሪያ እየሠራሁ ነው። የጤና ጣቢያዎችን መገኛ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ በተጫነው የቦታ መረጃ ማራዘሚያ፣ በፖስትጂአይኤስ፣ አስቀምጣለሁ። ተጠቃሚው ካለበት ቦታ በ500 ሜትር ውስጥ ያሉትን እና በየወረዳው ያሉትን ጤና ጣቢያዎች ማሳየት እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ስመዘግብ ‹ዓምዱ ጂኦሜትሪ ነው፣ የመጣው ግን የባይት ድርድር ነው› የሚል ስህተት ገጠመኝ። እሱን እንደ ምንም ካለፍኩት በኋላ ደግሞ ፍለጋው የአገሪቱን ጤና ጣቢያዎች በሙሉ ይመልስልኛል፤ የወረዳዎቹ ዝርዝርም ለመከፈት በጣም ይዘገያል። ባልደረቦቼ ‹ሃይበርኔትን ተወውና ኤስኪውኤል በቀጥታ ጻፍ› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ሃይበርኔትን፣ ማለትም የጃቫ ዕቃዎችን ከዳታቤዝ ሠንጠረዦች ጋር የሚያገናኘውን ላይብረሪ፣ አይተዉት። የጠቀሷቸው ሦስት ችግሮች የተለያዩ ቢመስሉም ሥራው ለሚገባው ክፍል ባለመሰጠቱ የመጡ ናቸው። ሃይበርኔት ቅርጹን ከዳታቤዙ ወደ ጃቫ፣ ከጃቫም ወደ ዳታቤዙ ያመላልስ። ርቀትን፣ መካተትንና መቆራረጥን ፖስትጂአይኤስ ያስላ። ቁጥሮቹ በየትኛው የመጋጠሚያ ሥርዓት እንደተለኩ ማወቅ ግን የእርስዎ ኃላፊነት ነው፤ የትኛውም ላይብረሪ አያውቅልዎትም። ይህ ክፍፍል ከተስተካከለ አብዛኛው ኮድ ተራ የሃይበርኔት ኮድ ሆኖ ይቀራል።

ከባይት ድርድሩ ስህተት ልጀምር፤ ምክንያቱን ሳያውቁ «እንደ ምንም» ማለፍ አደጋ አለው። በጃቫ የጂኦሜትሪ ክላሶቹን የሚያቀርበው ጄቲኤስ የተባለው ላይብረሪ ነው። ክላሶቹ ሁሉ ሲሪያላይዘብል ናቸው፤ ማለትም ወደ ባይት ሊለወጡ ይችላሉ። ሃይበርኔት ደግሞ ምንነቱን የማያውቀው ግን ሲሪያላይዘብል የሆነ ነገር ሲያጋጥመው ዕቃውን ወደ ባይት ለውጦ ለማስቀመጥ ይሞክራል። ዓምዱ ጂኦሜትሪ ከሆነ ፖስትግሬስ አልቀበልም ይላል፤ እርስዎ ያዩት ይህንኑ ነው። የሚያስፈራው ግን ስህተት የማይታይበት ሁኔታ ነው። ሠንጠረዡን ራሱ ሃይበርኔት እንዲፈጥር ከፈቀዱለት ዓምዱን የባይት ዓምድ አድርጎ ይፈጥረዋል። መመዝገቡም ማንበቡም ያለ ምንም ቅሬታ ይሠራል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ግን ቦታ ሳይሆን የጃቫ ዕቃ ግልባጭ ይሆናል፤ አንድም የቦታ ጥያቄ አይመልስም። ስለዚህ አሁኑኑ ወደ ዳታቤዙ ገብተው የዓምዱን ዓይነት ይመልከቱ። ጂኦሜትሪ ካልሆነ ቀሪውን ከማንበብዎ በፊት እሱን ያስተካክሉ።

ሃይበርኔት ቅርጹን የማያውቀው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛው የስፓሻል ሞጁሉ አለመኖሩ ወይም ከዋናው ሃይበርኔት ጋር ስሪቱ አለመግጠሙ ነው። ሃይበርኔት ስፓሻል ለብቻው የተጀመረ ፕሮጀክት ሲሆን ከ5ኛው ስሪት ጀምሮ የዋናው ሃይበርኔት አካል ሆኗል፤ ስለዚህ የሁለቱ ስሪት ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ስፕሪንግ ቡት 3 የሚጠቀመው ሃይበርኔት 6ን ነው። በ6ኛው ስሪት በሜቨን (ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች፣ ማለትም ጥገኝነቶች፣ በሚያስተዳድረው መሣሪያ) ያለው የቡድን ስሙም ተቀይሯል። ከቆየ መመሪያ ላይ የተቀዳ ጥገኝነት አምስተኛውን ስሪት ከስድስተኛው ጋር ያደባልቅብዎታል። የስሪት ቁጥሩን ራስዎ አይጻፉ፤ ስፕሪንግ ቡት ይምረጥልዎት።

ሁለተኛው ዲያሌክቱ ነው፤ ይህ ሃይበርኔት ከየትኛው ዳታቤዝ ጋር እንደሚነጋገር የሚነግረው ቅንብር ነው። በሃይበርኔት 5 ጊዜ የፖስትጂአይኤስን ዲያሌክት በቅንብር ፋይሉ ላይ መጻፍ ግዴታ ነበር። በ6 ሞጁሉ መኖሩ ብቻ ይበቃል፤ የቀድሞውን መስመር እንዲያውም ያጥፉት።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም፤ የተሳሳተ ክላስ ማስገባት ነው። «ፖይንት» ብለው ሲጽፉ የኮድ ማረሚያው ብዙ አማራጭ ያቀርባል። የጃቫ የሥዕል ላይብረሪ የራሱ ፖይንት አለው፤ የስፕሪንግ ዳታም የራሱ አለው፤ ጄቲኤስም አለው። ጄቲኤስ ራሱ ሁለት መልክ አለው፦ መጀመሪያ በቪቪድ ሶሉሽንስ ስም የነበረው ጥቅል ወደ ሎኬሽንቴክ ሲዛወር ስሙ ተለውጧል። አሁን ያለው ሃይበርኔት የሚያውቀው የሎኬሽንቴኩን ነው። ከሌሎቹ አንዱ ፋይልዎ አናት ላይ ካለ፣ ሞጁሉ በትክክል ተጭኖም ያው የባይት ታሪክ ይደገማል። የኢንቲቲ ክላስዎን (ሠንጠረዡን የሚወክለውን የጃቫ ክላስ) የመጀመሪያዎቹን አሥር መስመሮች ደግመው ያንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ፍለጋዎ አገሪቱን በሙሉ የሚመልሰው ለምንድን ነው? መገኛዎቹን በ4326 መለያ ቁጥር (የመጋጠሚያ ሥርዓቱን በሚለየው ቁጥር) አስቀምጠዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ይህ ስልኮች የሚሰጡት የደብሊውጂኤስ 84 ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። የዚህ ሥርዓት መለኪያ ዲግሪ እንጂ ሜትር አይደለም። የዓምዱ ዓይነት ጂኦሜትሪ ሆኖ «ኤስቲ_ዲዊዝኢን» ለሚባለው ተግባር 500 ሲሰጡት በ500 ዲግሪ ርቀት ውስጥ ያለውን ሁሉ አምጣ ማለትዎ ነው። የምድር ዙሪያ ሙሉው 360 ዲግሪ ነው! ፖስትጂአይኤስ ያደረገው የታዘዘውን ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ 500 ሜትርን በ111,000 አካፍለው መስጠት ያምርዎት ይሆናል። በኢትዮጵያ ኬክሮስ ላይ የሚያመጣው ስህተት ብዙ ባይሆንም እንዲህ ያለውን መንገድ አልመክርም፤ ነገ ኮዱን የሚረከበው ሰው ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ትክክለኛው መፍትሔ ሁለት ዓይነት ነው፤ ምርጫው በሥራው ስፋት ይወሰናል። መረጃዎ አገር አቀፍ ከሆነ «ጂኦግራፊ» የሚባለውን ዓይነት ይጠቀሙ፤ ርቀቱን በምድር ክብነት ላይ አስልቶ በሜትር ይመልሳል። ሥራዎ በአንድ ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ በተለይ የመሬት ይዞታ ከሆነ፣ ዩቲኤም (ምድርን በዞኖች ከፍሎ በሜትር የሚለካ የመጋጠሚያ ሥርዓት) ይጠቀሙ፤ አዲስ አበባ በ37 ሰሜን ዞን ውስጥ ስለሆነች መለያው 32637 ነው፤ ሁሉም ነገር በሜትር ይሆናል። አገር አቀፍ ሥራን በዚህ ዞን ላይ ማስቀመጥ ግን አይገባም። ኢትዮጵያ ሦስት የዩቲኤም ዞኖች ላይ ተዘርግታለች፦ ጋምቤላ በ36፣ አዲስ አበባ በ37፣ ጅግጅጋ በ38። ለእርስዎ የጤና ጣቢያዎች የምመርጠው ዓምዱ በ4326 ጂኦሜትሪ ሆኖ እንዲቆይና ርቀት ሲጠየቅ ብቻ ወደ ጂኦግራፊ እንዲቀየር ነው። በዚህ መንገድ የሃይበርኔቱ ክፍል ያለ ልዩ ቅንብር ይሠራል፤ ካርታውም ያለ ለውጥ ያነበዋል። አንድ ግዴታ ግን አለበት፦ ኢንዴክሱን (ፍለጋን የሚያፋጥነውን ማውጫ) በዓምዱ ላይ ብቻ ሳይሆን በተቀየረው መልኩ ላይም መፍጠር አለብዎት። ያለዚያ ፍለጋው በትክክል ይሠራል፤ ግን እያንዳንዱን ረድፍ እየዞረ ይለካል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ባለሙያ በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ከቅየሳ ባለሙያዎች የሚመጣ መረጃ ብዙ ጊዜ በአዲንዳን ዳተም (መጋጠሚያዎች በሚለኩበት የምድር ቅርጽ ሞዴል) ላይ የተመሠረተ ዩቲኤም ነው፤ የ37 ሰሜን ዞኑ መለያ 20137 ነው። ቁጥሮቹ ከ32637 ጋር በዓይን አይለዩም። አዲስ አበባ ላይ በሁለቱም ምሥራቁ 472,000 አካባቢ፣ ሰሜኑ 998,000 አካባቢ ይሆናል። አንዱን በሌላው ስም ካስገቡት ግን ሁሉም ነገር ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። እርስዎ በ500 ሜትር ክልል እየፈለጉ 200 ሜትር መንሸራተት ማለት ጤና ጣቢያውን ከዋናው መንገድ ማዶ ማሳየት ማለት ነው። ፋይሉን ያመጣልዎትን ሰው «በየትኛው ዳተም ነው የተለካው?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ያስቀምጡት። በጄቲኤስ ቅርጹ ላይ የመለያ ቁጥሩን መቀየር መጋጠሚያውን እንደማይቀይር ይወቁ። የሚቀየረው ስያሜው ብቻ ነው። ቁጥሮቹን የሚያሰላልዎት የፖስትጂአይኤሱ «ኤስቲ_ትራንስፎርም» ነው።

የመለያ ቁጥር ነገር ከተነሳ አይቀር፣ በጄቲኤስ አዲስ ነጥብ ሲፈጥሩ ምንም ካልነገሩት መለያውን ዜሮ ያደርገዋል። ዓምድዎ 4326ን ብቻ እንዲቀበል ከተደረገ ዜሮውን አይቀበልም፤ ይህ ጥሩ ነው፣ እንዲያ መደረግም አለበት። መፍትሔው በመላው መተግበሪያ አንድ የጂኦሜትሪ ፋብሪካ (ቅርጾችን የሚፈጥር ዕቃ) ብቻ በ4326 ፈጥሮ እንደ ስፕሪንግ ቢን (ስፕሪንግ እንደሚያስተዳድረው የጋራ ዕቃ) ማስቀመጥና ነጥብ ሁሉ በእሱ በኩል ብቻ እንዲፈጠር ማድረግ ነው። በየክላሱ አዲስ ፋብሪካ የሚፈጥር ኮድ አንድ ቀን አንዱን ይረሳል።

የቅደም ተከተሉንም ነገር በዚሁ ላንሳ። ለጄቲኤስ፣ ለፖስትጂአይኤስና ለጂኦጄሰን (የካርታ መረጃ በጽሑፍ ለሚተላለፍበት ቅርጸት) የሚቀድመው ኬንትሮስ ነው፤ ሊፍሌትን የመሰለ የካርታ ላይብረሪ ግን ኬክሮስን ያስቀድማል። አዲስ አበባ በኬንትሮስ 38.75፣ በኬክሮስ 9.03 አካባቢ ናት። ቢያገላብጧቸው ነጥቡ ከጣሊያኗ የሰርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ሁለቱም ቁጥሮች ሕጋዊ ስለሆኑ ማንም አያስጠነቅቅዎትም። ካርታዎ ላይ አንድም ነጥብ ካጡ መጀመሪያ ወደ ሰርዲኒያ ሄደው ይፈልጉ።

ወደ ፍጥነቱ እንሂድ። ኢንዴክሱን በኢንቲቲው ላይ በጄፒኤ (የጃቫ የዳታቤዝ ደረጃ) አኖቴሽን ፈጥረውት ከሆነ ለቦታ ፍለጋ አይጠቅምም። አኖቴሽኑ የሚፈጥረው ቢ-ትሪ የተባለውን ተራ ኢንዴክስ ነው፤ የቦታ ኢንዴክስ ግን ጊስት የተባለው ዓይነት መሆን አለበት። ቢ-ትሪው እንዲያውም ትልቅ ፖሊጎን ሲመጣ መመዝገቡን ያከሽፈዋል፤ አንድ የኢንዴክስ ረድፍ ከ8 ኪሎባይቱ ገጽ ሲሶ በላይ እንዲሆን አይፈቅድምና። ስለዚህ የፖስትጂአይኤስን ተጨማሪ መጫን፣ ሠንጠረዦቹንና የጊስት ኢንዴክሶቹን መፍጠር በፍላይዌይ ወይም በሊኪቤዝ (የዳታቤዝ ለውጦችን በሚያስተዳድሩ መሣሪያዎች) በተጻፈ ኤስኪውኤል ይሁን። ሃይበርኔት ሠንጠረዥ እንዲፈጥርም እንዲያሻሽልም አይፍቀዱለት፤ ኢንቲቲዎቹ ከሠንጠረዡ ጋር መግጠማቸውን ያጣራ፣ ይበቃል።

የፍለጋው አጻጻፍም ኢንዴክሱን ሊያስቀረው ይችላል። «ርቀቱ ከ500 ያነሰ» ብሎ በ«ኤስቲ_ዲስታንስ» መጻፍ ኢንዴክስ አይጠቀምም። «ኤስቲ_ዲዊዝኢን» ግን ይጠቀማል፤ መጀመሪያ በዙሪያ ሣጥኑ አጣርቶ የቀሩትን ጥቂቶች ብቻ ይለካል። መልሱ አንድ ዓይነት ነው፤ በትልቅ ሠንጠረዥ ላይ የጊዜው ልዩነት ግን ከፍተኛ ነው። በግምት አይሂዱ፤ መጠይቁን፣ ፖስትግሬስ እንዴት እንደሚያስኬደው በሚያሳየው «ኤክስፕሌን አናላይዝ» አስቀድመው ያስኪዱትና የኢንዴክሱን ስም በዕቅዱ ውስጥ ይፈልጉ።

እዚህ ላይ ባልደረቦችዎ በከፊል ልክ ናቸው። ይህን የርቀት ፍለጋ በሃይበርኔት የመጠይቅ ቋንቋ ለመጻፍ መታገል አያስፈልግም። በስፕሪንግ ዳታ ሪፖዚተሪው (መጠይቆች በሚጻፉበት ክፍል) ላይ በቀጥታ ኤስኪውኤል ይጻፉት፤ ኬንትሮስ፣ ኬክሮስና ሜትር በግቤትነት ይሰጡት። ወደ ጂኦግራፊ ሲቀይሩ የፖስትግሬስን ባለ ድርብ ነጥብ አጻጻፍ ሳይሆን ሙሉውን «ካስት» ይጠቀሙ፤ ሃይበርኔት ሁለት ነጥቡን የግቤት ምልክት አድርጎ ሊያነበው ስለሚችል። «ቅርብ የሆኑትን አምስቱን» ለሚል ፍለጋም እንዲሁ ነው። ፖስትጂአይኤስ ለዚህ ብቻ የተዘጋጀ፣ በኢንዴክሱ ላይ እየሄደ ከቅርቡ ጀምሮ የሚመልስ የርቀት ምልክት አለው። ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ መጠይቆች በአንድ ሪፖዚተሪ ውስጥ መኖራቸው ሃይበርኔትን መተው አይባልም።

በየወረዳው ያሉትን መቁጠር ግን በሃይበርኔት የመጠይቅ ቋንቋ በሚገባ ይጻፋል፦ ጤና ጣቢያውና ወረዳው በ«ኤስቲ_ዊዝኢን» ይጣመሩ። የማያዋጣው ወረዳዎቹን ሁሉ ወደ ጃቫ አምጥቶ በሉፕ ውስጥ «ይህ ነጥብ በዚህ ውስጥ አለ?» እያሉ መጠየቅ ነው። ፈተናው እንደሚገባኝ ልናገር። ጄቲኤስ የማርቲን ዴቪስ ሥራ ነው፤ ፖስትጂአይኤስ የሚጠቀመው ጂኦስ የተባለው ላይብረሪ ደግሞ ጄቲኤስ ወደ ሲ++ ተገልብጦ የተጻፈ ነው። ስለዚህ በጃቫም ቢሰላ መልሱ ያው ነው። ነገር ግን ጃቫ ውስጥ ኢንዴክሱ የለም፤ ቅርጾቹም በሙሉ በኔትወርክ ተጉዘው መምጣት አለባቸው። ጄቲኤስን ለሚገባው ሥራ ያውሉት፦ ተጠቃሚው የሳለውን አንድ ቅርጽ ለማጣራት፣ አንድን ጥያቄ ለማዘጋጀት። በሁለቱ ሠንጠረዦች ያሉት ቅርጾች መለያ ቁጥር ከተለያየ ፖስትጂአይኤስ ማጣመሩን እምቢ ይላል፤ ያን ስህተት መለያውን በግድ በመቀየር አይሸፍኑት።

የወረዳዎቹ ዝርዝር የሚዘገይበት ምክንያት ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። እርስዎ ለተቆልቋይ ዝርዝር የሚፈልጉት ስማቸውን ነው። ኢንቲቲውን ሲጠሩ ግን ሃይበርኔት ወሰኑንም አብሮ ያመጣል። ስሌቱን እናስላው፦ አንድ ነጥብ 16 ባይት ነው፤ ወሰኑ 20,000 ነጥብ ያለው ወረዳ 320 ኪሎባይት ይሆናል፤ መቶ እንዲህ ያሉ ወረዳዎች 32 ሜጋባይት ናቸው። ይህም በዳታቤዙ ነው። ጄቲኤስ እያንዳንዱን ነጥብ የራሱ ዕቃ ስለሚያደርገው በጃቫ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ወሰኑን ሰነፍ አድርጎ መጫን (ሲፈለግ ብቻ ማምጣት) በአኖቴሽን ብቻ አይሳካም፤ ለተራ ዓምድ የባይትኮድ ማሻሻያ ይጠይቃል። ቀላሉ መንገድ ወሰኑን በሌላ ሠንጠረዥና በሌላ ኢንቲቲ ማስቀመጥ ነው። እስከዚያው ድረስ መለያውንና ስሙን ብቻ የሚመልስ ፕሮጀክሽን ይጻፉ።

ወሰኖቹን ካርታ ላይ ሲያሳዩም ሙሉ ዝርዝራቸውን አይላኩ። ፖስትጂአይኤስ ራሱ አቅልሎ ወደ ጂኦጄሰን ቀይሮ ይስጥዎት፤ ጃቫው ጽሑፉን እንዳለ ያስተላልፍ። ጎረቤት ወረዳዎችን እያንዳንዱን ለየብቻ ማቅለል በወሰኖቻቸው መካከል ክፍተትና መደራረብ እንደሚፈጥር ግን ልብ ይበሉ። ለዕይታ ችግር የለውም፤ ለቆጠራ ግን ሁልጊዜ ዋናውን ወሰን ይጠቀሙ።

አንድ የሚቀጥለውን ስህተት ከመምጣቱ በፊት ልንገርዎ። ኢንቲቲውን ከኮንትሮለሩ በቀጥታ ከመለሱት ጃክሰን (ዕቃዎችን ወደ ጄሰን የሚቀይረው ላይብረሪ) ነጥቡን ለመጻፍ ሲሞክር ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ ይወድቃል። ምክንያቱ የአንድ ነጥብ ዙሪያ ሣጥን ራሱ ነጥብ መሆኑ ነው፤ ጃክሰን የነጥቡን ሣጥን፣ የሣጥኑን ሣጥን እያለ ይቀጥላል። ለጄቲኤስ የተዘጋጀ የጃክሰን ሞጁል አለ። እኔ ግን ኬንትሮስና ኬክሮስ የሚሉ ሁለት ግልጽ መስኮች ያሉት የማስተላለፊያ ክላስ እመርጣለሁ፤ የቅደም ተከተሉ ግራ መጋባት እዚያው ያበቃል።

የወረዳ ወሰን ከውጭ ሲያስገቡ ደግሞ ትክክለኛነቱን ይፈትሹ። መስመሩ ራሱን የሚያቋርጥ ፖሊጎን ይመዘገባል፤ የሚያስቸግረው ከሳምንታት በኋላ አንድ የማጣመር መጠይቅ በመሀል ሲከሽፍ ነው። በሠንጠረዡ ላይ «ኤስቲ_ኢዝቫሊድ» የሚል ገደብ ያስቀምጡና የተበላሸው ቅርጽ በር ላይ ይመለስ።

በመጨረሻ ሙከራ ይጻፉ፤ ሙከራውንም በኤችቱ (በማኅደረ ትውስታ በሚሠራው ቀላል ዳታቤዝ) ሳይሆን በእውነተኛው ፖስትጂአይኤስ ላይ ያስኪዱ። ቴስትኮንቴይነርስ የፖስትጂአይኤስን የዶከር ምስል ለሙከራው ጊዜ ብቻ ያስነሳልዎታል፤ ምስሉ የፖስትግሬስ ምትክ መሆኑን በኮዱ ማሳወቅ ብቻ ያስፈልጋል። ሦስት ነጥቦችን በአንድ ኬንትሮስ፣ በ38.75 ላይ ያስገቡ፤ ኬክሮሳቸው 9.0300፣ 9.0330 እና 9.0355 ይሁን። ከመጀመሪያው ነጥብ ሁለተኛው 330 ሜትር ገደማ፣ ሦስተኛው 610 ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ከመጀመሪያው ተነሥተው በ500 ሜትር ሲፈልጉ መመለስ ያለባቸው ሁለት ናቸው። ሦስቱም ከመጡ ወይ በዲግሪ እየለኩ ነው፣ ወይም ኬንትሮስና ኬክሮስን አገላብጠዋል፤ ሲገለበጡ ሦስተኛው ነጥብ ወደ 480 ሜትር ይጠጋልና። ምንም ካልመጣ ሲያስገቡና ሲፈልጉ የተጠቀሙበት ቅደም ተከተል ይለያያል።